ጎማ መቁረጫ ማሽን ለጎጃም ወርክሾፕ፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

ያገለገለ ጎማ የሚቆርጡ ትንንሽ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ለገበያ የሚቀርቡት አራት ሆነው ነው፦ የጎማውን ጎን ቆርጦ የሚያወጣ፣ ቸርኬ ላይ ከሚቀመጠው ጠርዝ ሽቦ የሚነቅል፣ ጥርሱን በጥብጣብ የሚሰነጥቅ፣ ጥብጣቡን ደግሞ በቁራጭ የሚከትፍ። አራቱ አንድ ላይ የታሰቡት ጎማ ፈጭቶ ዱቄት ለሚያደርግ ፋብሪካ ነው። በረባሶ፣ የከብት ገንዳ፣ የወንበር ጥብጣብና የመኪና ጭቃ መከላከያ ለሚሠራ የደብረ ማርቆስ፣ የቡሬ ወይም የባሕር ዳር ወርክሾፕ ግን ሁለቱ ይበቁታል፤ የጎን መቁረጫውና የጥብጣብ መቁረጫው። የቀሩት ሁለቱ ገንዘብ አስረው ጥግ ይይዛሉ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ጥግ የሚይዝ የውጭ ዕቃ መግዛት ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ጎማው

ሻጩ ስለ ሞተሩ ጉልበት ማውራት ከመጀመሩ በፊት ገዢው ራሱ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ከአካባቢው ጎሚስታ የሚሰበሰበው ጎማ ናይለን ነው ወይስ ሽቦ? መልሱ ጎኑ ላይ ተጽፏል። 7.50-16 ተብሎ በቁጥሮቹ መሃል ሰረዝ ካለ የውስጡ ክር ናይለን ነው። በሰረዙ ቦታ የላቲኗ «አር» ፊደል ከገባች ራዲያል ነው። ራዲያሉም አንድ ዓይነት አይደለም። የሚኒባስና የፒክአፕ ራዲያል ጎኑ የጨርቅ ክር ሆኖ ከጥርሱ ሥር ብቻ የሽቦ መቀነት አለው፤ ጎኑን በደንብ የተሳለ ቢላዋ ይቆርጠዋል፣ ጥርሱ ግን እምቢ ይላል። የከባድ መኪናው ራዲያል፣ ለምሳሌ 12.00 በ20 ወይም 315/80 በ22.5፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሽቦ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ ማግኔት ጎኑ ላይ ማስጠጋት ነው፤ ከያዘ ሽቦ ነው። ማግኔቱ የሚሞከረው ጎኑ መሃል ላይ ይሁን፣ ጠርዙ በናይለን ጎማም ቢሆን ሽቦ ስላለው ያሳስታል።

ይህን መለየት ከማሽኑ ምርጫ ይቀድማል። በሽቦ ጎማ የተሠራ በረባሶ ሶሉ ሲሳሳ የሽቦው ጫፍ ወደ እግር ይወጣል። የከብት ገንዳ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ከመኖ ጋር የተዋጠ አጭር ሽቦ የላሟን የሆድ ዕቃ ግድግዳ ወግቶ እስከ ልብ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ለጫማና ለገንዳ ናይለን ብቻ ይመደብ። ሽቦው ጎማ ለጭቃ መከላከያ፣ ለመኪና ማቆሚያ መጋጫ፣ ለአፈር መከለያ ይሂድ።

የጎን መቁረጫው፦ በቅድሚያ የሚገዛው

አሠራሩ ቀላል ነው። ጎማው ከውስጥ ወደ ውጭ በሚከፈቱ መንጋጋዎች ይወጠራል፣ ሞተሩ በማርሽ ቤት በኩል ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፣ ሠራተኛው ቢላዋውን በእጅ መዘውር እየገፋ ጎኑን ይበሳል። ሁለት ዙር ሳይሞላ ጎኑ ተለይቶ ይወጣል። የሚቀረው የጥርሱ ቀለበት ነው። በሰጌቶና በቢላዋ ሰው የሚያደክመው ይኸው ሥራ ስለሆነ ማሽኑ ድካም የሚቀንሰውም እዚህ ላይ ነው።

ገበያ ላይ ያሉት ከ2.2 እስከ 4 ኪሎዋት ሞተር ይዘው ይመጣሉ። ለሚኒባስና ለአይሱዙ ጎማ 2.2 ይበቃል። 12.00 በ20 የሽቦ ጎማ የሚበዛበት ወርክሾፕ ከ4 ባይወርድ ይሻላል።

ከሞተሩ ይልቅ መለካት ያለበት የመንጋጋው አከፋፈት ነው። ባለ 16 ኢንች ጎማ ውስጡ 40.6 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ባለ 20ው 50.8፣ ባለ 22.5ው 57.2። መንጋጋው ከ38 ተነሥቶ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ካልተከፈተ ከሦስቱ አንዱን አይዝም፤ ሻጩ «ሁሉንም ይቆርጣል» ቢልም ሜትር አውጥቶ መለካት ነው። የውጭው ስፋትም እንዲሁ፦ 12.00 በ20 ዳር እስከ ዳር 112 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የመግለጫ ሰሌዳው ላይ 100 ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ማሽን ለከባድ መኪና አይሆንም፣ 120 የተጻፈበት ይሆናል። የባጃጅ ጎማ ባለ 8 ነው፣ ውስጡ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ፤ ለእሱ ማሽን መፈለግ አያስፈልግም፣ በቢላዋ ይቆረጣል።

የሚበላሽበት ምክንያት ጥቂት ነው፣ ግን ተደጋጋሚ። ቢላዋው ወደ ጠርዙ ከቀረበ የጠርዙን የሽቦ እሥር አግኝቶ ይሰበራል፤ ወደ ጥርሱ ከወጣ በራዲያል ጎማ የመቀነቱን ሽቦ ያገኛል። የሚበሳው ከጥርሱ ትከሻ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። መዘውሩን ቸኩሎ የገፋ ሰው ጎማው በመንጋጋው ውስጥ እንዲንሸራተት ያደርጋል፤ ያ መንሸራተት ሲደጋገም የማርሽ ቤቱ የነሐስ ጥርስ ይበላል፣ ጥርሱ ከተበላ ደግሞ መተኪያው እዚህ አይገኝም፣ በቶርኖ ቤት ማስወጣት ነው። ማርሽ ቤቱ አንዳንዴ ዘይት ሳይሞላበት ተጓጉዞ ስለሚመጣ ከመጀመሪያው ማስነሻ በፊት የዘይቱ መመልከቻ ይታይ። ይህን ያላየ ሰው አዲስ ማሽን በመጀመሪያው ሳምንት ያቃጥላል።

ቢላዋውን አንጥረኛ ከአሮጌ ባሌስትራ ይሠራዋል። ለናይለን በጣም ጥሩ ነው። ለሽቦ ጎማ ግን ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል፤ ለእሱ ከማሽኑ ጋር የመጣውን የመሣሪያ ብረት ቢላዋ ማቆየት ነው።

ምርቱን በሒሳብ እንየው። የአንድ 12.00 በ20 ናይለን ጎማ አንዱ ጎን ጠርዙ ከተወገደ በኋላ ከዳር እየዞረ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢገሸለጥ 25 ሜትር ገደማ ያልተቋረጠ ጥብጣብ ይወጣዋል። ለወንበርና ለአልጋ የሚፈለገው እሱ ነው። ገንዳ የሚሠራ ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ያወጣና ጎማውን ይገለብጠዋል። መገልበጡ ሁለት ሰውና አንድ ረጅም ብረት ይጠይቃል፤ በጠዋቱ ብርድ ጎማው ደርቆ ስለሚታገል ፀሐይ ካሞቀው በኋላ ቢገለበጥ ይቀላል። ታች የሚቀረው የቸርኬ ቀዳዳ በሲሚንቶ ወይም በክብ ጣውላ ይደፈናል። ለጭነት ማሰሪያ የሚሆነው የካላማዳሪ ጥብጣብ በመቀስ ስለሚወጣ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

የጥብጣብ መቁረጫው፦ ጥሩ ነው፣ ግን ጠባዩ ከባድ ነው

ሁለት ክብ ምላጮች ዳርና ዳራቸው ተደራርቦ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ የጥርሱ ቀለበት በመካከላቸው ያልፋል። ስፋቱ በመሪ ብረት ይስተካከላል፣ ብዙዎቹ ከ2 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሰጣሉ። ሞተሩ ከ4 እስከ 5.5 ኪሎዋት ነው። የ12.00 በ20 ቀለበት ዙሪያው 3.5 ሜትር፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በ5 ሳንቲ ሜትር ቢሰነጠቅ 14 ሜትር ጥብጣብ ይሰጣል። በረባሶ ለሚሠራ ግን መሪ ብረቱን እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍቶ ሁለት ሰፊ ቀበቶ ማውጣት ይሻላል፤ ከዚያ ሶሉ በእጅ በልኬቱ ይቆረጣል። በ28 ሳንቲ ሜትር ሶል ከአንዱ ቀበቶ አሥራ ሁለት፣ ከሁለቱ አሥራ ሁለት ጥንድ ይወጣል። ከ7.50-16 የሚገኘው አራት ጥንድ ነው፤ የትንሹ ጎማ ሶል ጉብጠቱም ይበዛል።

የማሽኑ ነፍስ በምላጮቹ መካከል ያለው ክፍተት ላይ ነው። ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። መለኪያ የሌለው ሰው የደብተር ወረቀት ያስገባ፤ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ከተቆረጠ ደኅና ነው፣ ከታጠፈና ከተጎተተ ክፍተቱ ሰፍቷል። ሰፍቶ ሳለ ሽቦ ጎማ የገባ እንደሆነ ሽቦው ሳይቆረጥ ይታጠፍና በምላጮቹ መሃል ይሰገሰጋል፣ ምላጮቹን ወደ ጎን ይገፋቸዋል፣ ኩሽኔታው ይለቃል። ኩሽኔታው ከለቀቀ ደግሞ ክፍተቱ የበለጠ ይሰፋል። አንድ ቀን የተዘለለ ማስተካከያ በዚህ መንገድ ሙሉ ዘንጉን ያስለውጣል። መደራረቡም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ሲበዛ ምላጩ ከጎማው ጋር እየተፋጨ ይግላል።

ጎማ ደረቅ ሆኖ አይቆረጥም። ላስቲኩ ምላጩን ይይዘዋል፣ ይጨሳል። ጥቂት ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ይውረድ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚያንጠባጥቡ አሉ፤ ዘይት ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ ሶሉን ማስቲሽ አይዝለትም፣ ይቅር። በክረምት ሜዳ ላይ ያደረ ጎማ ውስጡ ጭቃና አሸዋ ስለሚይዝ ሳይታጠብ ማስገባት ምላጭ ማደንዘዝ ነው። የደነዘዘውን ምላጭ በግራይንደር የሚስል ሰው ብረቱ ሰማያዊ እስኪሆን ካጋለው ጥንካሬው ጠፍቷል ማለት ነው፤ ስለቱ ለጊዜው ቢመጣም በነጋታው ይሄዳል። ውኃ እየፈሰሰበት የሚሞርድ ቶርኖ ቤት ይወሰድ፣ ሁለቱም ምላጮች አንድ ላይ ይሞረዱ።

ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሰፊ እጅጌና የጨርቅ ጓንት ከዚህ ማሽን አጠገብ አይድረሱ። ምላጩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ሰው ይዘናጋል፤ የያዘውን ግን አይለቅም። በእግር የሚረገጥ ማጥፊያ የሌለውን ማሽን፣ ምንም ያህል ቢረክስ፣ አንመክርም።

መብራትና ጄኔሬተር

4 ኪሎዋት ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር በ380 ቮልት 8 አምፔር ገደማ ይወስዳል፣ ሲነሣ ግን ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። መብራት እየጠፋ በሚመጣበት ከተማ ሞተር የሚገድለው ከሦስቱ አንዱ ፌዝ ጎድሎ መምጣቱ ነው፤ ሞተሩ እያጉረመረመ ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። ፌዝ ሲጎድል የሚያጠፋ መከላከያ ከማሽኑ ጋር ካልመጣ ተገዝቶ ይገጠም። መስመር ከተጠገነ በኋላ ደግሞ ፌዞቹ ቦታ ተለዋውጠው ሞተሩ በተቃራኒው ሊዞር ስለሚችል ጎማ ሳይገባ በባዶ አስነሥቶ አቅጣጫውን ማየት ነው።

ጄኔሬተር የሚያስብ ለ4 ኪሎዋት ሞተር ከ12 ኬቪኤ በታች አይግዛ። መብራት በሌለበት በናፍጣ ሞተርና በቺንጋ ማዞር ይቻላል፣ ግን ከፍታው ይቆጠር፦ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ይህ ወደ ሩብ ይጠጋል፤ ባለ 12 ፈረስ ጉልበት የተባለው እዚያ 9 ነው።

የሚቀሩት

የጠርዝ ሽቦ መንቀያው ለከባድ መኪና ጎማ 11 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ሃይድሮሊክ ነው። የሚያወጣው ሽቦ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል፣ በአነስተኛ ወርክሾፕ መጠን ግን የመብራቱን ወጪ እንኳ ለመመለስ ይቸገራል። ጠርዙን እንዳለ ለአጥር ማሰሪያና ለጉድጓድ አፍ ቀለበት መሸጥ ይቀላል። ሽቦ ለማግኘት ጎማ ማቃጠልማ ሠፈሩን በመርዝ ጭስ መሸፈን ነው። ቁራጭ መክተፊያው ፈጪ ፋብሪካ በሌለበት ለማን ይከትፋል?

ለሙከራ ሲኬድ

የራሳችሁን ጎማ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ 7.50-16 ናይለን፣ አንድ 12.00 በ20 ሽቦ። ሻጩ አለስልሶ ባዘጋጀው የቤት መኪና ጎማ የሚታይ ሙከራ ምንም አይነግርም። ሽቦው ጎማ ሲቆረጥ ሞተሩ ድምፁ ከወረደ ወይም ቺንጋው ከጮኸ አቅሙ እዚያ ነው ያበቃው። ማሽኑ ቆሞ ሳለ የምላጩን ዘንግ በብረት ወደ ጎን ግፉት፤ በእጅ የሚታወቅ መነቃነቅ ካለው አትውሰዱት። የኩሽኔታዎቹን ቁጥር ጻፉ። መደበኛ ቁጥር ያለው ኩሽኔታ ባሕር ዳር መለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፣ ቁጥር የሌለው ግን ማሽኑን ያስቆማል። ተጨማሪ አንድ ጥንድ ምላጭና ሁለት ቢላዋ በዋጋው ውስጥ እንዲገባ ተከራከሩ፤ ማሽኑ ከተጫነ በኋላ የሚጠየቀው ዋጋ ሌላ ነው።