ቮልስ 1300 በደሴ፦ ሁለት ክረምት አብሬያት ከከረምኩ በኋላ

ስለ አሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሚጻፈው እድሳቱ ባለቀበት ሳምንት ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በዚያው ያበቃል። እኔ መጻፍ የፈለግኩት ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። የእኔዋ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስዋገን 1300 ናት። ደሴ ውስጥ ታድሳ፣ ደሴ ውስጥ እየተነዳችና እያደረች ሁለት ክረምት አልፋለች። የደረስኩበትን አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ለወሎ ደጋ ከዚህች የምትስማማ አሮጌ መኪና አላየሁም። ነገር ግን የሞተሯን ያህል የምታድርበትን ቤት የማታስቡላት ከሆነ ባትገዟት ይሻላል።

ሞተሯ 1285 ሲሲ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመው ከኋላ ተቀምጠዋል። ፋብሪካው 40 የፈረስ ጉልበት ይላታል፤ ይህ ግን በባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ 30 ፈረስ ይዣለሁ ብላችሁ ንዱ። ከኮምቦልቻ ስትመለሱ ሀረጎ ዳገት ላይ በደንብ ይታወቃችኋል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ ከ600 ሜትር ያላነሰ ትወጣላችሁ፤ ጥምዝምዙ ላይ የተጫነ ሲኖትራክ ከፊታችሁ ከገባ ሁለተኛ ማርሽ ነው፣ መቅደም አይታሰብም።

ይህን ሁሉ የሚያስረሳ ነገር ግን አላት። በእሷ ዘመን የነበሩ ሌሎች መኪኖች ዳገቱ አናት ላይ ኮፈናቸውን ከፍተው ራዲያተራቸው እስኪበርድ ሲጠብቁ እሷ ዝም ብላ ታልፋለች። ራዲያተር የላትም፣ የሚፈላ ውሃ የላትም። የሚያበርዳት ንፋስና 2 ሊትር ተኩል ዘይት ነው። ቮልስ ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ የከተማችን መካኒክ «ልጄ፣ ይቺ ውሃ አትጠይቅህም፤ ዘይቷን ግን አትንፈጋት» ይሉኛል። የዘይት ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ብቻ ነው። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር የሚለውን እኔ የመጨረሻ ገደብ አድርጌ ነው የያዝኩት፤ ከዚያ ቀድሜ እቀይራለሁ። በዚያው ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቫልቮላዎቹ 0.10 ሚሊ ሜትር ላይ ይስተካከላሉ።

በመጀመሪያው ክረምት የፈተነኝ ውርጭ ነው። ሐምሌ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማውን ሸፍኖ ባነጋ ቁጥር መኪናዋ በደንብ ትነሳለች፣ ጥቂት ትሄዳለች፣ ከዚያ ሰኞ ገበያን ሳታልፍ መቆራረጥ ትጀምራለች። ነዳጅ ስትረግጡ ትታፈናለች፣ ስትለቁ ትጠፋለች። ትንሽ ቆማ ስትነሳ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትሄዳለች። ካንዴላ ተቀየረ፣ ፑንቲና ተቀየረ፣ የነዳጅ ፓምፑ ተፈትቶ ተገጠመ፤ ለውጥ የለም። ነገሩ የታወቀው አንድ ጠዋት እንደጠፋች የኋላውን ክዳን ወዲያው ስንከፍት ነው። ሞተሩ እጅ አያስነካም፤ ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ካርቡራተር ሥር ያለው ቧንቧ ላይ ግን ነጭ ውርጭ ተጋግሯል፣ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

ቤንዚን በሚተንበት ጊዜ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ እርጥበቱ ካርቡራተሩ አንገት ውስጥ በረዶ ይሆንና የአየሩን መንገድ ያጠብበዋል። ቮልስን የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ከጭስ ማውጫው ትኩስ ጭስ እየሳበ ያንን ቧንቧ የሚያሞቅ ቀጭን ቱቦ አጣምረውበታል። የእኔዋ ቱቦ ለዓመታት በተጠራቀመ ጥላሸት ድፍን ብሏል። ተፈታ፣ በእሳት ጋለ፣ በሽቦ ተጠርጎ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ጉም አስቁሟት አያውቅም። ደጋ ላይ ቮልስ ያላችሁ ሰዎች፣ ካርቡራተር ከመቀየራችሁ በፊት ይህን ቱቦ አስፈትሹ። ቴርሞስታቱንም ጨምሩበት። ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሲደርስ የንፋሱን መዝጊያ የሚከፍት ትንሽ ዕቃ ነው፤ አገራችን ውስጥ ከብዙ ቮልሶች ላይ «ሙቅ አገር ነው፣ ምን ያደርጋል» ተብሎ ተነቅሎ ተጥሏል። የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። አየሩ ስለሳሳ ለቆላ የተመጠነው ጂግለር፣ ማለትም ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጁን በቀዳዳዋ የምትመጥነው ትንሽ ዕቃ፣ እዚህ ነዳጅ ያበዛል። ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከያዘ ምልክቱ እሱ ነው። አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ ጂግለር ሲገባላት ካንዴላው ቡናማ ሆነ፣ የነዳጅ ፍጆታዋም ቀነሰ። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ለመውረድ ካሰባችሁ ግን ትልቁን መልሱ። በትንሹ ጂግለር ቆላ ላይ መንዳት ነዳጁን አሳንሶ ሞተሩን ያግላል፣ ቫልቮላ ያቃጥላል።

የቺንጋውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፦ ዲናሞውንና ማቀዝቀዣ ንፋሱን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ቀዩ የዲናሞ መብራት ከበራ መኪናዋ ወዲያው ትቁም። «ጋራዥ እስክደርስ» የሚባል ነገር የለም፤ ንፋስ ከሌለ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር አይቆይም። ትርፍ ቺንጋ ከመኪናዋ አይለይ።

ሀረጎን መውረድ ከመውጣቱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1300 በአራቱም ጎማ የታምቡር ፍሬን ነው ያላት። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ የፍሬኑ ሸራ ይርቀዋል፣ ፔዳሉ ወደ ታች እየሰመጠ ይሄዳል። እኔ ከላይ ጀምሬ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ አስሬ ነው የምወርደው፤ ፍሬኑን አጥብቄ ረግጬ ወዲያው እለቃለሁ እንጂ እግሬን ጭኜበት አልወርድም። በየጎማው ሁለት ማስተካከያ ጥርሶች አሉ፤ በቀዳዳዋ በኩል በካቻቢቴ እየተዞሩ ይጠብቃሉ። ይህ ሥራ በየጊዜው ስለሚሠራላት ፍሬኗ እስከ ዛሬ አላሳሰበኝም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። እዚህ አገር ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ ዝገት። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው የሚቀመጠው። አሲዱ በፈሰሰ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላዋል። የእኔዋን ከእኔ በፊት ያደሳት ጋራዥ የተበላውን ቦታ ካትራሜ ቀብቶ፣ ምንጣፍ አልብሶ፣ በላዩ የሚያምር ቀለም ቀብቷታል። ምንጣፉ ሲነሳ መሬት ይታይ ነበር። ይህን ዓይነት እድሳት ስድብ ነው የምለው፤ ለመኪናዋም ለገዢዋም።

ከወለሉ የሚብሰው ከበሮቹ ሥር ግራና ቀኝ የተዘረጋው ውስጡ ባዶ የሆነ የላሜራ ሣጥን ነው። ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት ወደ ፊት ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የቦዲው አጥንት እሱ ነው። ውስጡ በስብሶ ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል። ልትገዙ ስትሄዱ ክሪክ በሚገባበት ቦታ አስነሱት፦ ላሜራው ከተሰነጠቀ ወይም መኪናዋ ተነስታ በሩ አልዘጋ ካለ፣ ቀለሙ የፈለገውን ያህል ቢያምር ዋጋውን በዚያ ልክ አውርዱት። ማግኔትም ያዙ፤ የማይዝበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ ነው። የእኔዋ ወለል ሙሉ በሙሉ፣ የቀኙ ሣጥን ደግሞ እስከ ግማሹ በአዲስ ላሜራ ተተክቷል። ላሜራ ሠራተኛው ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ አልቆረጠም፤ በሮቹን እንደተገጠሙ ትቶ፣ ውስጡን በብረት ደግፎ፣ ባንዱ በኩል ጨርሶ ነው ወደ ሌላው የሄደው። በሮቿ ዛሬም በአንድ ጣት ይዘጋሉ። መስኮቶቹ ተዘግተው በሩ ሲገፋ አየሩ ገፍቶ የሚመልሰው ያ የቮልስ ባሕርይ ተመልሷል፤ እኔን እንደዚህ ያስደሰተኝ ሌላ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ድካም በአንድ ክረምት ሊበላሽ ይችላል፤ ወሎ ላይ ደግሞ ከክረምቱ በፊት የበልግ ዝናብም አለ። እዚህ ከተማ ብዙ ሰው አሮጌ መኪናውን በፕላስቲክ ሸራ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ለወራት ያቆማል። ቀን ከመሬት የሚነሳው እርጥበት ማታ ሸራው ሥር ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ዝናብ ላይ ከማደር ብዙም አይሻልም። እኔ ልብሷን ከአቡጄዲ ነው ያሰፋሁት። ጣሪያ ሥር ስለምታድር ውሃ መከላከል አይጠበቅበትም፤ አቧራ ይይዛል፣ ይተነፍሳል። የመጋዘኑ ወለል ሊሾ ነው፣ ከሊሾው ሥር ፕላስቲክ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ከላይና ከታች የአየር ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዎቹ በወንፊት ሽቦ ተሸፍነዋል፤ አይጥ የወንበር ሣርና የኤሌክትሪክ ገመድ ይወዳል። በበሮቹ ሥር ያሉት ትናንሽ የውሃ መውጫዎች በቀጭን ሽቦ ይጠረጋሉ። ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ይቆማል፤ ባዶው ቦታ በሰፋ ቁጥር እርጥበት ይጠራቀምበታል። ባትሪው ኔጌቲቩ ይነቀላል። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ከ12.4 ከወረደ ቻርጅ ይደረጋል።

«በየሳምንቱ አስር ደቂቃ አስነሳት፣ ይበቃታል» የሚለውን ምክር ግን አልቀበልም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል። በአስር ደቂቃ ውስጥ ያ ውሃ ማርሜታው ውስጥና ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ የዘይቱ ክዳን ሥር የሚታየው ነጭ ቅባት የሱ ምልክት ነው። ልትነሳ ከሆነ ትነዳ። ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቀን ቦሩ ሜዳን አልፌ እስከ ሐይቅ እወስዳታለሁ፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዘይቱ በደንብ ይግላል፣ ፍሬኑ ይደርቃል። ሐይቁ ዳር ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ። መንገዱ ጭቃ ከነበረ ስመለስ ከሥሯ በውሃ ትታጠባለች፤ ልብሷንም እስክትደርቅ አላለብሳትም።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። ከፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደው የነዳጅ ጎማ ከጋለ ሞተርና ከካንዴላ ገመዶች አጠገብ ነው የሚያልፈው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይንጠባጠባል፣ ይቀጣጠላል። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስላለበት አንዴ ከያዘው ማጥፋት ከባድ ነው። ጎማው የጥቂት ብር ዕቃ ነው፤ ባይሰነጠቅም በየዓመቱ ይቀየር፣ እሳት ማጥፊያም ወንበር ሥር ይቀመጥ።

ዕቃ አሁንም ይገኛል። ደሴ ላይ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች፣ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተሠራች መኪና ስለሆነች የሞተር ዕቃ አያስጨንቅም። የሚያስቸግረው ባለ 15 ቁጥር ቀጭን ጎማና የበር ዙሪያ ጎማ ነው። አሮጌውን ኦሪጅናል ዕቃ ሠርቶ ማደስ ከተቻለ ከአዲሱ ርካሽ ዕቃ ይበልጣል፤ ካርቡራተር ላይ በተለይ።

ፒያሳ ስትቆም ሽማግሌዎች ይከቧታል። ወሬው ብዙ ጊዜ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከቤተ መንግሥት በቮልስ ስለመወሰዳቸው ይጀምርና፣ ወሎ ነውና፣ ወደ 66ቱ ረሃብ ይዞራል። አንዳንዱ ያኔ ያጣውን ሰው ስም ይጠራል። እኔም ሳልቸኩል ቆሜ እሰማለሁ፤ መኪናዋን ለማቆየት ከምደክምባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

የጎደላት ምንድን ነው? የዝናብ መጥረጊያዋ ሰነፍ ነው፣ የፊት መብራቷ ለማታ ጉዞ አይበቃም፣ ማሞቂያዋ በግራ በኩል ገና ደካማ ነው። ልጆችን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ለመሄድ አልመርጣትም። ለከተማ፣ ለሐይቅና ለኮምቦልቻ ግን ሌላ መኪና አያምረኝም። የማሞቂያው ድክመት የግራው ሣጥን ውስጡ መበላት ጀምሯል ማለት ስለሆነ፣ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያቆም እሱ ተቆርጦ ይከፈታል፤ ላሜራው ከአሁኑ ተገዝቷል።