ለአሮጌ ላፕቶፕ የቱ ሊኑክስ ይሻላል? ሚንት፣ ሉቡንቱ፣ አንቲኤክስ ወይስ ፓፒ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ካላገኘ በወጉ አይጫንም። ከዚያ በፊት የተሠሩት ላፕቶፖች ማለት እኮ ቤታችን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የሚጠጡት፣ መርካቶና መገናኛም «ያገለገለ ግን ንጹሕ» እየተባሉ የሚሸጡት ብዙዎቹ ናቸው። አፕዴት በማያገኝ ዊንዶውስ መቀጠል ይቻላል፤ ዊንዶውስ 11ን በጓሮ በር ማስገባትም ይቻላል፣ መንቀራፈፉን ከቻላችሁት። ሦስተኛው መንገድ ሊኑክስ ነው፤ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሚንትን የመሳሰሉ ብዙ ዓይነቶች ሲኖሩት «ዲስትሮ» ይባላሉ። እሱ በነጻ የሚገኝ ስለሆነ ወጪያችሁ ዳታ፣ ጊዜና ምናልባት አንድ ራም ነው።

መልሱን ለማወቅ እስከ መጨረሻው ማንበብ ለማይፈልግ ሰው አስቀድሜ ልናገር። 4 ጊጋ ራምና ከዚያ በላይ ካለው፣ የሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ እትም (ኤክስኤፍሲኢ ቀለል ያለ የዴስክቶፕ ዓይነት ነው)። 2 ጊጋና ከዚያ በታች ከሆነ፣ አንቲኤክስ። ሉቡንቱንና ፓፒን የምመክረው ለተለየ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን ከታች እመጣበታለሁ።

ያነጻጸርኳቸው በሁለት ማሽን ላይ ነው። አንዱ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 4 ጊጋ ራምና 320 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ነው። ሌላው 1 ጊጋ ራም ያላት ባለ አቶም ፕሮሰሰር ትንሿ ኔትቡክ ናት። ከታች ያለው የራም ቁጥር እንደ ማሽኑና እንደ እትሙ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለግምት ያህል ውሰዱት። 32 ቢት የሚባለው የድሮው የፕሮሰሰር ዓይነት ነው፤ የአሁኖቹ 64 ቢት ናቸው።

| | ሚንት ኤክስኤፍሲኢ | ሉቡንቱ | አንቲኤክስ | ፓፒ |
|---|---|---|---|---|
| የሚወርደው ፋይል | ወደ 3 ጊጋ | ወደ 3 ጊጋ | ከ2 ጊጋ በታች | ከ1 ጊጋ በታች |
| እንደተነሳ የሚይዘው ራም | 700–900 ሜጋ | 500–700 ሜጋ | 200–350 ሜጋ | 200–400 ሜጋ |
| 32 ቢት ማሽን ላይ | አይሠራም | አይሠራም | ይሠራል | አንዳንዱ እትም |
| ለጀማሪ | በጣም ይመቻል | ይመቻል | ትዕግሥት ይፈልጋል | ልምድ ይፈልጋል |

ሠንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው አንቲኤክስ ሁሉንም በዝረራ ያሸነፈ ሊመስለው ይችላል። ችግሩ ማንም ሰው ላፕቶፕ ከፍቶ ባዶ ዴስክቶፕ እያየ አይቀመጥም። ፋየርፎክስ ላይ ጂሜይል፣ ዩቲዩብና ፌስቡክ በየታባቸው ሲከፈቱ ብሮውዘሩ ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ይወስዳል፤ ያ ደግሞ በየትኛውም ዲስትሮ ላይ ያው ነው። 4 ጊጋ ላለው ማሽን በሚንትና በአንቲኤክስ መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ታቦች ያህል ነው። እሱን ለማትረፍ ብሎ የማይመች ዴስክቶፕ ላይ ዕድሜ መግፋት አያዋጣም። 1 ጊጋ ባላት ኔትቡክ ላይ ግን ያው ልዩነት የመሥራትና ያለመሥራት ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቁት «የቱ ይቀላል?» ብላችሁ ሳይሆን «ማሽኔ ስንት ራም አለው?» ብላችሁ ነው።

ሚንትንና ሉቡንቱን ላስተያይ። ሁለቱም ኡቡንቱ የተባለው ታዋቂ ዲስትሮ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱም የዊንዶውስ ሰው ግራ የማይጋባበት፣ ከታች በግራ በኩል ሜኑ ያለው ዴስክቶፕ አላቸው። በወረቀት ላይ ሉቡንቱ ይቀላል። ግን ከ22.04 እትም ወዲህ ፋየርፎክስን በስናፕ ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ስናፕ ፕሮግራሙን ከነጓዙ በታመቀ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በተከፈተ ቁጥር ከዚያ ውስጥ እየተፈታ ነው የሚነበበው። ኤስኤስዲ ላይ፣ ማለትም የሚዞር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ ላይ፣ ይህ ብዙም አይታወቅም። በደቂቃ 5400 ጊዜ በሚዞር ሃርድ ዲስክ ላይ ግን ጉዱ ይታያል። ላፕቶፑ እንደተነሳ ፋየርፎክስን ትጫናላችሁ፤ የዲስኩ መብራት ሳትጠፋ ትርገበገባለች፤ መስኮቱ ግን የለም። አልሰማም ብላችሁ ደግማችሁ ትጫናላችሁ፤ በስተመጨረሻ ሁለት መስኮት ተከታትሎ ይመጣል። ሚንት በአንጻሩ ከ20ኛው እትሙ ጀምሮ ስናፕን ዘግቶ ፋየርፎክስን በተለመደው ፓኬጅ ነው የሚያቀርበው። በዚያው ማሽን፣ በዚያው ዲስክ ላይ ቶሎ ከፈተ። ማለትም ቀላል የተባለው ዴስክቶፕ በብሮውዘሩ ምክንያት ከበደ።

የድጋፍ ዘመናቸውም እኩል አይደለም። ሉቡንቱ 24.04 እስከ እ.ኤ.አ. 2027 ሲደገፍ፣ የሚንት 22 ቤተሰብ እስከ 2029 ይቀጥላል። ሲስተም መቀየር የማይወድ ሰው፣ በተለይ ላፕቶፑን ለወላጆቹ አዘጋጅቶ የሚሰጥ፣ ይህን ልብ ይበል። ኤስኤስዲ ካላችሁና ኤልኤክስኪውቲ የተባለው የሉቡንቱ ዴስክቶፕ ከተመቻችሁ ግን ሉቡንቱ ምንም አይወጣለትም፤ የስናፑን ፋየርፎክስ አውጥቶ ከሞዚላ ማከማቻ የሚመጣውን መተካትም ይቻላል።

አንቲኤክስ መልኩ አያምርም፤ ይህን ሳልሸፋፍን ልናገር። አይስ ደብሊውኤም የተባለው መስኮት አስተዳዳሪው የዛሬ ሃያ ዓመት ኢንተርኔት ቤት የነበረውን ኮምፒውተር ያስታውሳል። ቅንብሩ ሁሉ «ኮንትሮል ሴንተር» በሚባል አንድ መስኮት ውስጥ የተጨናነቀ ነው፤ ዋይፋይ የሚያያዝበትም መሣሪያ ከሌሎቹ ለየት ስለሚል መጀመሪያ ላይ ሰው ይደናገራል። ሆኖም ኔትቡኳ ላይ ሊብሬ ኦፊስ ከፍቶ መጻፍ፣ ፒዲኤፍ ማንበብና ሙዚቃ መስማት የተቻለው በእሱ ነው። ሌላም ጥሩ ነገር አለው፦ ከፍላሽ ላይ ሳይጫን እየሠራ፣ ያወረዳችሁትንና ያስተካከላችሁትን እዚያው ፍላሽ ላይ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ሃርድ ዲስኩ የሞተ ላፕቶፕ ያለው ሰው በፍላሽ ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል።

እዚህ ላይ ለገዢ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንቲኤክስ 32 ቢት ይደግፋል ማለት 32 ቢት ማሽን ይገዛ ማለት አይደለም። ክሮም ለ32 ቢት ሊኑክስ መውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ፋየርፎክስም 144ኛውን እትም የመጨረሻው አድርጎ ተሰናብቷል። አንቲኤክስ የተመሠረተበት ዴቢያንም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ 32 ቢት ፒሲ ላይ መጫን አስቀርቷል። እንዲህ ያለ ማሽን በእጃችሁ ካለ ተጠቀሙበት፤ በገንዘብ ግን፣ ምንም ቢረክስ፣ አትግዙት። መለያው ቀላል ነው፦ ኮር 2 ዱዎ የሚል ተለጣፊ ያለው 64 ቢት ነው፤ መካከሉ ላይ «2» የሌለው ኮር ዱዎና ኤን270 የሚባለው አቶም 32 ቢት ናቸው።

ፓፒ ለየት ያለ ፍጥረት ነው። ባሪ ካውለር የተባለ አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ሲሆን፣ ሲነሳ ራሱን ራም ላይ ይገለብጥና ከዚያ ይሠራል። ፍጥነቱ የሚያስደንቀው ለዚህ ነው። ያስተካከላችሁትን ነገር በዋናነት የሚያስቀምጠው ግን ስትዘጉት ነው። ባትሪው የሞተና ቻርጀር ላይ የተንጠለጠለ ላፕቶፕ ይዞ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ሰነዱን በቀጥታ ዲስኩ ላይ ካላስቀመጠ ድካሙ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በዚያ ላይ ሁሉንም ነገር በአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው የሚያሠራው፤ ለባንክ ጉዳይና ለመሳሰለው አልወደውም። ዊንዶውሱ አልነሳም ካለ ኮምፒውተር ላይ ፎቶና ሰነድ ለማውጣት ግን ከፓፒ የተሻለ አላየሁም። ቁልፍ ማንጠልጠያችሁ ላይ በአንድ ፍላሽ ያዙት፤ ዋና ሲስተም አታድርጉት።

ስለሌሎቹ ባጭሩ፦ ኤምኤክስ ሊኑክስ ከሚንት ጋር የሚወዳደር ጥሩ ዲስትሮ ነው፤ በእሱ የጀመረ ሰው ቢቀጥል አይከፋም። የጉግሉ ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ 4 ጊጋ ራም ይፈልጋል፤ ሥራው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ላፕቶፑም አብሮ ሥራ ይፈታል።

ከምርጫው በላይ ሰውን የሚያስመርረው ዋይፋይ ነው። ብሮድኮም ቺፕ ያላቸው ብዙ የድሮ ላፕቶፖች ተጨማሪ ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ ድራይቨሩን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መውጫው ስልካችሁ ነው። በገመድ አያይዙትና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማካፈያውን) ክፈቱ፤ ሊኑክስ እንደ ኔትወርክ ገመድ ቆጥሮ ወዲያው ይቀበለዋል። ሚንት «ድራይቨር ማናጀር» የሚል መሣሪያ ስላለው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሁለት ሦስት ክሊክ ነው። አንቲኤክስ ላይ ይህንኑ ለማድረግ መመሪያ ማንበብ ሊኖርባችሁ ይችላል። የመጀመሪያው አፕዴት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል በሞባይል ዳታ ባይሆን ይመረጣል።

አማርኛ መጻፍ በአራቱም ይቻላል፤ አዘጋጅቶ መስጠቱ ግን ሚንት ላይ ይቀላል። አይባስ የተባለውን የግብዓት ዘዴ ከኤም17ኤን ፓኬጁ ጋር ከሶፍትዌር ማናጀር ጫኑና አማርኛን ጨምሩ፤ እንደ ድምፁ እየጻፋችሁ ፊደሉ ይወጣል። በስልካቸው ወይም በዊንዶውስ ኪማን የተባለውን መጻፊያ የለመዱ ሰዎች ኪማን ለሊኑክስም አለ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ፎንት ይጎድላል ማለት ነው። ከባድ የሚሆነው የቆየ ሰነድ ነው። ከዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም ከሚጠቀምበት የፊደል ኮድ፣ በፊት በነበረ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሊብሬ ኦፊስ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ሆኖ ይመጣል። ፎንቱን ከድሮው ዊንዶውስ ቀድታችሁ ሊኑክሱ ላይ ካስገባችሁት ይነበባል፤ ስለዚህ ዲስኩን ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የፎንት ፎልደሩን ቅዱ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ካጠፋው በኋላ ነው።

በፒችትሪ ሒሳብ የሚሠራ፣ አውቶካድ ወይም ፎቶሾፕ እንጀራው የሆነ ሰው ይህን ንጽጽር እዚህ ላይ ይተወው። ፕሮግራሞቹ ለሊኑክስ አልተሠሩም፤ በማስመሰያ እያሠሩ መሰቃየት ለሥራ ሰው አይሆንም።

ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ የቱም ዲስትሮ የማይሰጣችሁን ፍጥነት የሚሰጠው ኤስኤስዲ ነው። አሮጌ ላፕቶፖች በዚህ ከአዲሶቹ ይሻላሉ፦ ብዙዎቹ ከታች ትንሽ ክዳን አላቸው፤ ጥቂት ብሎን ፈትቶ ሃርድ ዲስኩን ስቦ ማውጣትና 2.5 ኢንች ኤስኤስዲ መተካት ነው። እኔ 120 ጊጋውን ለሚንት በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ራም ስትገዙ መጀመሪያ ዲዲአር3 ይሁን ዲዲአር4 አረጋግጡ። ዲዲአር3 ከሆነና ካመነታችሁ «ኤል» የሚል ምልክት ያለበትን፣ ማለትም ዲዲአር3ኤልን፣ ውሰዱ፤ በአነስተኛውም በመደበኛውም ቮልቴጅ ይሠራል። ኤስኤስዲና 4 ጊጋ ራም ካለ ከሚንት በታች የሚወረድበት ምክንያት አይታየኝም።

ላፕቶፑን ገና ልትገዙ ከሆነ ይህ ሁሉ ሱቁ ውስጥ የሚፈተንበት መንገድ አለ። ቬንቶይ የተባለውን፣ ፍላሽን ኮምፒውተር ማስነሻ የሚያደርግ ነጻ መሣሪያ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጫኑ፤ ከዚያ የሚንቱንና የአንቲኤክሱን ፋይል እንደማንኛውም ፋይል ፍላሹ ላይ ቅዱ። ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑን ስታስነሱ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ተጫኑና ከፍላሹ አስነሱት። ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይነካ ሚንት ይከፈታል። ዋይፋዩን ከስልካችሁ ሆትስፖት ጋር አያይዙ፤ ድምፁን፣ ካሜራውንና እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ሞክሩ። ቀጥሎ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱና የስማርት መረጃውን እዩ፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ቦታ እንዳለው እዚያው ተጽፏል። የኃይል አስተዳዳሪው ውስጥ ደግሞ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ የባትሪ ዋጋ ቀንሳችሁ ተከራከሩ። ሻጩ ፍላሽ አይሰካም ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።