ሰውነት ሲወርርና ዓይን ሲደበዝዝ፦ የትኛው ምርመራ ገንዘብና ጊዜ ይገባዋል?

እግር ሥር ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል፣ የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ ዓይን ደግሞ ብዥ ይላል። እነዚህ ሲገጣጠሙ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው በማግኔት የሚነሳውን የራስ የውስጥ ምስል፣ ኤምአርአይን ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ርካሾቹ ምርመራዎች ቀድመው በትክክል ከተሠሩ ብዙውን የተለመደ ምክንያት ይይዛሉ፤ ውዶቹ የሚጠቅሙት ግልጽ ጥያቄ ይዘው ሲታዘዙ ነው።

ቀጠሮ የማይጠብቁትን ግን እናስቀድም። በድንገት የጀመረ፣ ግማሽ አካልን የያዘ፣ ከአፍ መጣመም ወይም ከንግግር መኮላተፍ ጋር የመጣ መደንዘዝ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል። ከእግር ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ መዛልም እንዲሁ፤ ትንፋሽ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አዲስ የራስ ምታት፣ ሲያኝክ የመንጋጋ ሕመምና የእይታ መደብዘዝ ካለው የራስ ደም ሥር መቆጣት ይጠረጠራል፤ ሕክምናው ካልፈጠነ ዓይን ያጠፋል።

ከሁሉም በላይ ነጥብ የምንሰጠው ምንም ለማያስከፍለው ለቀዳዳው ምርመራ ነው። ወፍራም ወረቀት በመርፌ ይበሳል፤ ቀዳዳው 1 ሚሊሜትር ያህል ይበቃዋል። አንዱን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍ ሸፍኖ በሌላው በቀዳዳው በኩል ራቅ ያለ ጽሑፍ ማየት ነው። ጽሑፉ ከጠራ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የመነጽር ነው። ካልጠራ ሐኪሙ ሌንሱን፣ ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለውን ሬቲናና የዓይን ነርቩን መፈተሽ አለበት። ዓይን ሲርገበገብ ጠርቶ ወዲያው የሚመለስ ብዥታ ደግሞ ድርቀትን ይጠቁማል። ቀጥሎ ቀይ የጠርሙስ ክዳን በየተራ በሁለቱ ዓይኖች ይታይ። በአንዱ ደማቅ ሆኖ በሌላው ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ከመሰለ፣ በተለይ ዓይን ሲንቀሳቀስ የሚያም ከሆነ፣ የዓይን ነርቭ መቆጣት ይጠረጠራል። ሁለቱን ዓይን ገልጦ ብቻ የሚያይ ሰው የአንዱን መዳከም ለሳምንታት ላያውቀው ይችላል።

ሰዓት መያዝም ምርመራ ነው። ከእጅ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚዘልቅ መወረርና በዓይን ላይ የሚብለጨለጭ የተሰባበረ መስመር፣ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ከጠፋ፣ የማይግሬን ጠባይ ነው። በጭንቀት ሰዓት በከንፈር ዙሪያና በሁለቱም እጅ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፈጣን አተነፋፈስ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን ሁለቱንም በራስ ግምት ማለፍ አይገባም።

የደም ስኳር ሁለቱንም ምልክቶች በአንድ ጊዜ ማስረዳት ስለሚችል ፈጽሞ አይዘለልም። ቢያንስ 8 ሰዓት ሳይበሉ የተወሰደው 126 ሚሊግራም በዴሲሊትርና ከዚያ በላይ፣ ወይም የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ነው፤ ግልጽ ምልክት ከሌለ ተደግሞ ይረጋገጣል። ስኳር ከፍ ሲል የዓይን ሌንስ ውኃ ይዞ ቅርጹ ይለወጣል። የተለመደው ስሕተት በዚያው ሳምንት መነጽር ማሠራት ነው፤ ስኳሩ ሲስተካከል ሌንሱ ይመለስና አዲሱ መነጽር አልሆን ይላል። ስኳሩ ከረጋ በኋላ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ያዋጣል።

ቫይታሚን ቢ12 ጥሩ ምርመራ ነው፤ በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። ሰው ሲደነዝዘው መጀመሪያ የነርቭ ቫይታሚን ገዝቶ ይውጣል፣ ከዚያ ደም ይሰጣል፤ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይመጣና እጥረቱ ይሸፈናል። ደሙ ይቅደም፣ ክኒኑ ይከተል። ከ200 ፒኮግራም በሚሊሊትር በታች እጥረት ነው። ከ200 እስከ 300 ያለው አሻሚ ስለሆነ "ኖርማል ነው" ብሎ መዝጋት ያሳስታል፤ ሜቲልማሎኒክ አሲድ የሚባለው ምርመራ ይለየዋል። የደም ማነስ አለመኖሩም ማረጋገጫ አይሆንም፦ ፎሊክ አሲድ የሚወስድ ሰው ደሙ ተስተካክሎ ነርቩ መጎዳቱን ሊቀጥል ይችላል። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚን ወይም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ለዓመታት የወሰዱ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ጨርሶ የማይነኩ ሰዎች ይህን ምርመራ ራሳቸው ይጠይቁ።

የመድኃኒት ዝርዝርን ማየት ነጻ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ለቲቢ የሚሰጠው ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፣ ቀይና አረንጓዴ መለየት ማስቸገሩ አንዱ ምልክት ነው፤ አብሮት የሚሰጠው አይሶናያዚድ እጅና እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል። ለውጥ የታየበት ሰው ክኒኑን በራሱ ሳያቋርጥ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይንገር። ለዓይን ግፊት የሚሰጠው አሴታዞላሚድ ጣትን ያስወርራል። ለነርቭ ተብሎ የሚወሰደው ቫይታሚን ቢ6 ራሱ በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የሚያደነዝዝ መሆኑ ብዙዎችን ይገርማል፤ ስለዚህ የቫይታሚኑም ካርቶን ለሐኪም ይታይ።

በነርቭ ውስጥ የኤሌክትሪክ መልእክት የሚሄድበትን ፍጥነት የሚለካው የነርቭ ኮንዳክሽን ምርመራ በእጅ አንጓ ላይ የታፈነ ነርቭን አሳምሮ ያሳያል። የሚያቃጥል እግር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል፤ የሚለካው ወፍራሞቹን የነርቭ ክሮች ነው፣ ማቃጠልና ሙቀት የሚሰማው በቀጫጭኖቹ ነው። ውጤቱ ደህና ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ ከቁርጭምጭሚት 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ 3 ሚሊሜትር ቆዳ ተወስዶ የነርቭ ክሮቹ ይቆጠራሉ። የቀዘቀዘ እጅ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያልና ባለሙያው ቆዳውን ወደ 32 ዲግሪ ሳያሞቅ ከጀመረ ማሳሰብ ተገቢ ነው። በዚያ ቀን ቅባት አይቀቡ።

ኤምአርአይ ቦታውን የሚያገኘው ሐኪሙ መልቲፕል ስክሌሮሲስን (የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የአከርካሪን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበትን በሽታ) ወይም የዓይን ነርቭ መቆጣትን ሲጠረጥር ነው፤ አንገት ሲጎነበስ በጀርባ የሚወርድ ነዘር የሚል ስሜትና በሙቀት የሚብስ ብዥታ ጥርጣሬውን ያጠናክራሉ። ያኔም ራስ ብቻ አይበቃም፤ የአንገት አከርካሪና የዓይን ጎድጓዳ መካተታቸው በትእዛዙ ላይ ይታይ። የወገብ ኤምአርአይ የዓይን ብዥታን አያስረዳም። ጋዶሊኒየም የሚባለው ማቅለሚያ ከመወጋቱ በፊት የኩላሊት ችግር ያለበት ይናገር። ሲወጡም የንባቡን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ሲዲ ይቀበሉ፤ የነርቭ ሐኪሙ በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል።