ጥቁር የሞተር ሰደርያ አገር ቤት ለማሰፋት ላሰባችሁ

በሦስት ሳምንት እረፍቴ ብዙ ጉዳይ ጨርሻለሁ። ጥርሴን ታክሜያለሁ፣ መነጽሬን አስቀይሬያለሁ፣ የስልኬን ባትሪ አስለውጫለሁ። ሁሉም ደህና ነበሩ፤ ስለነሱ የምለው የለኝም። ይህን የምጽፈው ስለ አንድ ጥቁር የቆዳ ሰደርያ ነው። በሱ ምክንያት ሁለት ቆዳ ሰፊዎችን አወቅሁ። አንደኛውን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ሁለተኛው ባይኖር ኖሮ ግን በዚያ ጉዞ ተቀይሜ ነበር የምመለሰው።

ሰደርያው የታላቅ ወንድሜ ነው። ሞተር መንዳት ከጀመረ አንስቶ ከጃኬቱ በላይ ሲደርበው ኖሯል። ኮሌታ የለውም። ፊቱ ላይ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ የሚዘጋ ቁልፍ አራት አለው፤ ግራና ቀኝ ጎኑ በጠፍር ይታሰራል፤ ከውስጥ በሁለቱም በኩል ጥልቅ ኪስ አለው። ጀርባው አንድ ወጥ ቆዳ ነው፣ መሀሉ ላይ ስፌት የለውም። የሞተረኛ ሰደርያ ጀርባው ወጥ እንዲሆን የሚፈለገው ዓርማ የሚሰፋው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። ወንድሜ ዓርማ ሰፍቶበት አያውቅም። እኔ ግን በልጅነቴ ከኋላው ተፈናጥጬ ስሄድ ጉንጬን የማስደግፈው እዚያ ጀርባ ላይ ነበር። የዚያ ቆዳ ሽታ ስንት ዓመት ውጭ ስኖር አልጠፋብኝም።

አሁን ጉልበቱን ስለሚያመው ሞተር ትቷል። በደረስኩ በሁለተኛው ቀን ከቁም ሳጥን አውጥቶ «ውሰደው፣ አንተ ትነዳለህ» አለኝ። ስለብሰው ደረቴ ላይ ጠበበኝ፣ ቁልፉ አልደርስ አለ። እንግዲያው በልኬ አንድ እንዲህ ያለ ላሰፋ፣ አሮጌውንም በክብር ላስቀምጠው ብዬ አሰብኩ። በምኖርበት አገር የዚህ ዓይነት ሰደርያ ሞልቷል፤ ያዘዙት በማግሥቱ በር ላይ ይደርሳል። ወፍራም ይሁን ስስ፣ የከብት ይሁን የበግ፣ ሁሉም ተጽፎበት ይመጣል። እኔ የፈለግሁት ግን የአገሬ ሰው እጅ ያረፈበትን ነበር። በዚያ ብርድ ጠዋት ጠዋት ስነዳ ጀርባዬ ላይ ከቤት የመጣ ነገር እንዲኖር ፈለግሁ።

ሰፊውን በዘመድ ጥቆማ አገኘሁት። ስሙንም ቦታውንም አልጠቅስም። የመጀመሪያው ቀን አቀባበሉ ደስ ይል ነበር። አሮጌውን ሰደርያ ገልብጦ እያየ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ስፌት አሁን አይገኝም» አለ። ወፍራሙን የከብት ቆዳ አሳየኝ፤ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ለሰደርያ ከ1 እስከ 1.3 ሚሊ ሜትር ያለው ጥሩ ነው። ከዚያ ከሳሳ ነፋስ ሲመታው ይርገበገባል፣ ከዚያ ከወፈረ ብብት ይከረክራል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ዙሪያውን ጥቃቅን ሽብሽብ አወጣ፣ ስለቀው ተመለሰ። ላዩ በቀለም ያልተደፈነ ቆዳ የሚታወቀው በዚህ ነው። በዋጋ ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ ሰጠሁ፣ በስምንት ቀን ውሰድ አለኝ። ለንድፉ እንዲያመቸው አሮጌውን ሰደርያ ትቼለት ሄድኩ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም፤ ካሳየኝ ቆዳ ቁራጭ ቆርጬ አልያዝኩም። ይህን አታድርጉ።

አንድ ነገር ግን ያን ዕለት ከንክኖኝ ነበር። ልኬን የወሰደው አቁሞኝ ብቻ ነው። ሞተረኛ የሚውለው ተቀምጦ፣ ወደፊት ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ መሪው ዘርግቶ ነው። ቆሞ የተለካ ሰደርያ ሞተር ላይ ሲወጡበት ጀርባው ወደ ላይ ሸሽቶ ወገብ ያጋልጣል፣ ፊቱ ደግሞ ሆድ ላይ ይቆለመማል። ጥሩ ሰፊ ጀርባውን ከፊቱ ትንሽ አስረዝሞ ይቆርጣል። «ተቀምጬ ልካኝ» ስለው «ጋሼ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ነው፣ አያስቡ፤ ቢወድቁ እንኳ ያድንዎታል» አለኝ። አያድንም። እጅ የሌለው ሰደርያ ክንድንም ክርንንም ትቶ ነው የሚሄደው። በአውሮፓ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተረኛ መከላከያ ልብስ ኢኤን 17092 በሚባል መለኪያ ይፈተናል፤ መገጣጠሚያው ሲጎተት፣ ቆዳው አስፋልት ላይ ሲፈገፈግ ምን ያህል እንደሚቆይ ይታያል። ተራ የቆዳ ሰደርያ ከመከላከያ ጃኬት በላይ የሚደረብ እንጂ በሱ ፈንታ የሚለበስ አይደለም። ይህን ልነግረው ጀምሬ የሙያውን ሰው ማስተማር መስሎ ስለተሰማኝ ተውኩት።

በስምንተኛው ቀን ሄድኩ። «ነገ» አለኝ። በማግሥቱ መኪናው ተበላሽቷል አለ፤ የስፌት መኪናውን ማለቱ ነው። በአሥረኛው ቀን መርፌ ጠፋ አለኝ። የቆዳ መርፌ ጫፉ እንደ ጩቤ የተሳለ ስለሆነ በጨርቅ መርፌ እንደማይሠራ ስለማውቅ አመንኩት፣ እንዲያውም ላፈላልግልህ ብዬ ግማሽ ቀኔን ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዋልኩ። በአሥራ አንደኛውና በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስልኩን አያነሳም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አነሳና «አልቋል ጋሼ፣ ገበሩ ብቻ ቀረ» አለ። ደስ ብሎኝ ለወንድሜ ነገርኩት። «የኔንም ይዘህልኝ ና» አለኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሳልደውል ሄድኩ። አዲስ ሰደርያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ቆዳው ገና አልተቆረጠም። ጠረጴዛው ሥር አንድ ፌስታል አየሁ። አፉ ላይ የወንድሜ ሰደርያ ቁልፍ ብልጭ አለ። ሳወጣው ሰደርያው ሰደርያ አልነበረም። ጀርባው ለብቻ፣ ሁለቱ ፊቶች ለየብቻ፣ ኪሶቹ ለየብቻ፣ ገበሩ ተቀዳዶ። ተርትሮታል። ንድፍ ለማውጣት፣ ሳይጠይቀኝ፣ ስፌቱን በምላጭ ተርትሮታል።

ንድፍ ያልተተረተረ ልብስ ላይም ይወጣል። ወረቀት ዘርግቶ በየስፌቱ መስመር በመርፌ ጫፍ ጫን ጫን እያሉ መገልበጥ ይቻላል፤ ጥቂት ሰዓት ይፈጃል እንጂ ምንም አያጎድልም። እሱ ያን ጥቂት ሰዓት ነው የነፈገኝ። ምን እንዳልኩት በትክክል አላስታውስም። እሱ ግን ያለኝን አስታውሳለሁ፦ «ያረጀ ነው እኮ፣ አዲስ እየሠራሁልዎት አይደል?»

ቤት ስደርስ ፌስታሉን ከወንድሜ ልደብቀው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ከፍቶ አየው። አንድ ቃል አልተናገረም። ጀርባውን ብቻ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋና በመዳፉ ሲያስተካክለው ቆየ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አዲሱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። መብራት ሥር ሳየው ጥፋቱ በዝቶብኝ የቱን እንደማስቀድም ጠፋኝ። ቆዳው ያሳየኝ አይደለም። ስስ ነው፣ ላዩ እንደ ላስቲክ በቀለም ተደፍኗል፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት ሽብሽብ አያወጣም። ነጭ ሸሚዝ ላይ ደርቤው ሳወልቅ ትከሻዬ ጠቁሯል። ጀርባው ሁለት ቁራጭ ነው፣ መሀሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ስፌት ወርዶበታል፤ ለወጥ ጀርባ የሚበቃ ቆዳ እንዳልነበረው ያስታውቃል። ስፌቱ ደግሞ ከመጠን በላይ ደቃቅ ነው። ጨርቅ ላይ ደቃቅ ስፌት ጥንካሬ ነው። ቆዳ ላይ ግን መርፌው የሚያልፍበት ቀዳዳ መልሶ አይዘጋም፤ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ሳይራራቅ ከተደረደረ ቆዳው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይሆንና ሲጎተት በዚያ መስመር ይቀደዳል። ግራው ፊት ከቀኙ ይለሰልሳል፣ ሲስቡትም ይለጠጣል። ይህም ምክንያት አለው። ቆዳ እንደ ጣቃ ጨርቅ ከዳር እዳር አንድ ዓይነት አይደለም፤ የጀርባው ክፍል ጠጣር፣ የሆዱ ክፍል ልል ነው። አንዱን ፊት ከጀርባ፣ ሌላውን ከሆድ ከቆረጡት ከጥቂት ወር በኋላ አንዱ ረዝሞ ይንጠለጠላል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሒሳቡን አመጣ። ከተስማማነው ላይ ሲሶ ጨምሯል። «ቆዳ ተወዷል» አለ። እኔ ያሳየኸኝን ቆዳ አልሠራህበትም ስለው «ያኛው ስላለቀ ነው የተሻለ የገዛሁልዎት» አለ። የሚያናድደው ጭማሪው አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ሰው አይከራከርም ብሎ ማሰቡ ነው። የምኖርበት አገር ሱቅ ቢሆን ዕቃውን አስቀምጬ ገንዘቤን ይዤ እወጣ ነበር፣ ማንም ክፉ ቃል አይናገረኝም። እዚህ ግን በቋንቋዬ፣ በአገሬ ልጅ፣ እንደ እንግዳ ተቆጠርኩ። ጭማሪውን አልከፈልኩም፤ የተስማማነውን ቀሪ ሰጥቼ ወጣሁ። ለመሄድ ሁለት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

ሁለተኛውን ሰው ያገኘልኝ ወንድሜ ነው። ጫማና ኮርቻ ሲሰፉ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ፌስታሉን ፊታቸው ላይ ስዘረግፈው ማን ይህን እንዳደረገ እንኳ አልጠየቁም። ቁርጥራጩን በየቦታው ደርድረው ጠርዝ ለጠርዝ ገጠሙትና ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «ልጄ፣ ቀዳዳው አለ። ቀዳዳው ካለ ስፌቱ የት እንደነበር ያሳየናል» አሉኝ። የአዲሱ ሰደርያ ጥፋት የሆነው ነገር አሮጌውን አዳነው። ቆዳ የተወጋበትን ስለማይረሳ በዚያው በድሮው ቀዳዳ መልሶ መስፋት ይቻላል፤ በስፌት መኪና ከሆነ ግን መርፌው አዲስ ቀዳዳ ከጎኑ እየበሳ ያበላሸዋል። ስለዚህ በእጅ ብቻ ነው የሚሠራው።

አጠገባቸው ተቀምጬ ሳያቸው አመሸሁ። ጠርዙን በጣም ስስ አድርገው ማስቲሽ ቀቡት፣ እስኪጠወልግ ጠብቀው ገጠሙት፣ በትንሽ መዶሻ አስተኙት። ከዚያ አንድ ረጅም ክር ሰም ቀብተው በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ አደረጉ። ወስፌውን በድሮው ቀዳዳ አስገብተው ይከፍቱታል፣ አንዱ መርፌ ከፊት ሌላው ከኋላ በዚያው ቀዳዳ ይተላለፋሉ፣ ግራና ቀኝ እኩል ይሳባል። የመኪና ስፌት የላዩ ክርና የታቹ ክር መሀል ላይ ተቆላልፈው ነው የሚይዙት፤ አንዱ ቦታ ላይ ከተበጠሰ መስመሩ ሊፈታ ይችላል። የሳቸው አንዱ ጎን ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። አንገቱ አካባቢ በላብ የደረቀውን በረጠበ ጨርቅ ጠረጉት፣ ጥላ ውስጥ እንዲደርቅ ተዉት፣ ከዚያ ትንሽ ቅባት አሹት። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ እንዳላደርቀው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁኝ፤ ቆዳ በሙቀት ይኮማተራል፣ ከተኮማተረ አይመለስም። ከቁርጥራጩ አንዲት የኪስ ጠርዝ ጎድላ ነበር። ከአዲሱ ሰደርያ ሥር ከተረፈው ቆርጬ ልስጥዎት ስላቸው ነክተውት «ይህ አይሆንም» አሉና ከራሳቸው ሳጥን ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ጥቁር ቁራጭ ፈለጉ።

በሁለተኛው ምሽት ጨርሰው «ልበሰው» አሉኝ። «አባቴ፣ ይጠበኛል፣ የወንድሜ ነው» አልኳቸው። አልብሰው ዙሪያዬን አዩኝ። ጎኔ ላይ ያለውን ጠፍር ሳብ አድርገው «ሰደርያው አልጠበበህም፤ ጠፍሩ ነው ያጠረው» አሉ። ወንድሜ ቀጭን ስለነበር ጠፍሩን አሳጥሮ ጥብቅ አድርጎ አስሮት ኖሯል፣ ጎንና ጎኑ ተጋጥሞ። ረጅም ጠፍር ቆርጠው በየቀለበቱ አስገቡ፣ በሁለቱም በኩል አራት አራት ጣት ለቀቁልኝ። አራቱም ቁልፎች ተራ በተራ ጠቅ አሉ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። «ዙር እስቲ» አለኝ፣ ዞርኩለት፤ ጀርባውን አንዴ መታ አደረገው።

የጠየቁኝ ዋጋ ለሁለት ምሽት ሥራ ትንሽ ነበር። ጨምሬ ስሰጣቸው የተረፈውን መለሱልኝ፤ «ደህና ክር ግን አይገኝም» ብለው ብቻ ነገሩኝ። አዲሱ ሰደርያ ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ነው፣ ማንን እንደማለብሰው አላውቅም። የወንድሜን ሰደርያ ከተመለስኩ ጀምሮ ከጃኬቴ በላይ ደርቤው እነዳለሁ፤ ተቀምጬ ጎንበስ ስል የታችኛዋን ቁልፍ ብቻ እፈታለሁ፣ ጀርባው ከወገቤ አይሸሽም። ባለፈው ሳምንት ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ሰም የጠጣ ጥቁር ክር ሁለት ጥቅል ለሽማግሌው ልኬላቸዋለሁ።