የሠለጠነ ፈረስ በእውነተኛ ገንዘብ አትግዙ፦ ለስታር ስቴብል ተጫዋቾችና ለወላጆቻቸው

ስታር ስቴብል የተባለውን የኢንተርኔት የፈረስ ጨዋታ ለሚጫወት ልጃችሁ «15ኛ ደረጃ የደረሰ ፈረስ እንሸጣለን» ወይም «ፈረስሽን በሁለት ቀን አሠልጥነን እንመልሳለን» የሚል መልእክት ከመጣ፣ አንድ ክሮነር (የስዊድን ገንዘብ) እንኳ እንዳትከፍሉ። ስቶክሆልም የምትኖረው የእህቴ ልጅ ገና 12 ዓመቷ ነው። ለልደቷ ዘመድ አዝማድ የሰጣትን 900 ክሮነር በዚህ መንገድ ተበልታለች። ይበልጥ ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየተንከባከበች ያሳደገቻቸው ፈረሶች በሙሉ አብረው መሄዳቸው ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ወላጆች ጥቂት ልበል። የሚያዘጋጀው የስዊድን ኩባንያ ነው፤ ልጆቹ ዮርቪክ በተባለች ምናባዊ ደሴት ላይ ፈረስ ይጋልባሉ፣ ይወዳደራሉ። አዲስ የተገዛ ፈረስ ከ1ኛ ደረጃ ይነሳል፤ ጣሪያው 15 ነው። ወደዚያ የሚያደርሰው መኖ መስጠት፣ ውኃ ማጠጣት፣ መቦረሽ፣ ኮቴ ማጽዳትና በየዕለቱ መወዳደር ነው። ደረጃው ባደገ ቁጥር ፍጥነቱና ሌሎች ችሎታዎቹ ይጨምራሉ። ፈረሱ ከአንድ ውድድር ልምድ የሚያገኘው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ሌሊቱን ሙሉ ቢጋልብ የነገውን ልምድ ዛሬ ሊወስድ አይችልም። «በሁለት ቀን» የሚለው ቃል ብቻውን ሊያጠራጥራችሁ ይገባል።

«የሠለጠነ ፈረስ ሽያጭ» የሚባለው ደግሞ ከሥሩ የተበላሸ ነው። በዚህ ጨዋታ ፈረስ ከአንድ ተጫዋች ወደ ሌላ ተጫዋች አይተላለፍም። እንዲህ ያለ አሠራር ጭራሽ የለም። ስለዚህ ሻጩ የሚሸጠው ፈረሱን ሳይሆን ፈረሱ ያለበትን አካውንት ነው። ገዢዋ ከፍላ የይለፍ ቃል ትቀበላለች፤ ቃሉን ቀይራ የእኔ ሆነ ብላ ትደሰታለች። አካውንቱ መጀመሪያ የተከፈተበት ኢሜይል ግን አሁንም በሻጩ እጅ ነው። ሲፈልግ «የይለፍ ቃሌን ረሳሁ» ብሎ መልሶ ይወስደዋል፤ ለሚቀጥለውም ልጅ ይሸጠዋል። ኮርቻው ላይ የተቀመጠችው እርሷ ብትሆንም ልጓሙን የያዘው እርሱ ነው። የጨዋታው ደንብ አካውንት መሸጥን ስለሚከለክል፣ ገዢዋ «ከፍዬበታለሁ» ብላ የምትሟገትበት መሠረት የላትም፤ አካውንቱ ሊዘጋባትም ይችላል።

የእህቴ ልጅ የወደቀችው በሌላኛው ወጥመድ ነው። «አሠልጣኝ ነኝ» ያለው ሰው ኢሜይሏንና የይለፍ ቃሏን ጠየቀ፤ ግማሹን ገንዘብ ስዊሽ በተባለው የስዊድን የስልክ ገንዘብ መላኪያ ተቀበለ። በማግስቱ የአንድ ያማረ ፈረስ ፎቶግራፍ ልኮ «ሊያልቅ ነው፤ ቀሪውን ላኪ» አላት። በፎቶግራፉ ላይ 15 የሚል ቁጥር አለ። ከማን አካውንት እንደተነሳ ግን ምንም አያሳይም። ቀሪውን እንደላከች የይለፍ ቃሉ ተቀየረ፤ ሰውዬውም ጠፋ። ልጅን ከጓደኞቿ ወደኋላ በመቅረቷ እንደምትጨነቅ አውቆ በዚያ በኩል መግባት ምን ያህል ጨካኝነት ነው!

በጨዋታው ውስጥ የሚደረገው ግዢም ቢሆን በአውሮፓ ባለሥልጣናት ዓይን ሥር ነው። መጋቢት 2017 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 21 ማርች 2025) የአውሮፓ ኮሚሽን የሚያስተባብረው የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት መረብ በዚሁ ኩባንያ ላይ እርምጃ ጀምሯል። ከተነሱት ጉዳዮች መካከል ልጆችን በቀጥታ «ግዙ» የሚሉ ማስታወቂያዎች፣ በተወሰነ ጊዜ የሚያልቁ ሽያጮች የሚፈጥሩት ጫና፣ በጨዋታው ውስጥ ብቻ ስለሚሠራው ምናባዊ ገንዘብ በቂ መረጃ አለመሰጠቱ ይገኙበታል። በዚያው ቀን ለጨዋታ አዘጋጆች ሁሉ የወጡት መርሆች የአንድ ዕቃ ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብም በግልጽ እንዲታይ ይጠይቃሉ። ኩባንያን እንዲህ መጠየቅ ይቻላል። ስሙንም አድራሻውንም ለማታውቁት ሰው የላካችሁትን ገንዘብ ግን ከማን ትጠይቃላችሁ? የስዊድን የሸማቾች ቅሬታ ቦርድ እንኳ የሚያየው ሸማች ከነጋዴ ጋር ያለውን ክርክር ብቻ ነው፤ ግለሰብ በግለሰብ ላይ የሚያቀርበውን አይቀበልም።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የስክሪን ፎቶ አንሱባቸው። ያንኑ የይለፍ ቃል ለኢሜይል ወይም ለሌላ ነገር የምትጠቀሙበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት፤ አጭበርባሪው መጀመሪያ የሚሞክረው እርሱን ነው። ለባንካችሁ አሳውቁ፤ በስዊሽ የተላከ ገንዘብ ወዲያውኑ ስለሚደርስ ማስመለሱ አስቸጋሪ ቢሆንም ይመዝገብላችሁ። ስዊድን ያላችሁ በ114 14 ደውላችሁ ለፖሊስ አመልክቱ። ለጨዋታው የእርዳታ ክፍልም ጻፉ፤ አካውንቱን የከፈታችሁበት ኢሜይልና የከፈላችሁባቸው ደረሰኞች ባለቤትነታችሁን ለማስረዳት ይጠቅማሉ።

ልጆቹን አትቆጡ። የእህቴ ልጅ ነገሩን ለእናቷ ሳትናገር የቆየችው ቁጣ ፈርታ ነው፤ ሰውዬው ሁለተኛውን ክፍያ የተቀበለውም በዚያ ዝምታ መካከል ነው።