ባሪሞር ወይስ ስቴፕልተን? እስከ ምዕራፍ 8 ያለኝ ግምት

«የባስከርቪሎች ውሻ»ን ይዣለሁ። አርተር ኮናን ዶይል በ1901 እና በ1902 እ.ኤ.አ. በመጽሔት በተከታታይ ያወጣው የሸርሎክ ሆምስ ታሪክ ነው። ምዕራፍ 8ን ጨርሻለሁ። ሰር ቻርልስ ባስከርቪል ሞቶ ርስቱ ለሰር ሄንሪ ደርሷል፤ ቤተሰቡን የሚያሳድድ አስፈሪ ውሻ አለ የሚል አፈ ታሪክም አለ። ጥርጣሬዬ ሁለት ሰው ላይ አርፏል።

ባሪሞር የቤቱ አሽከር ነው። ጥቁር ጺም አለው። ለንደን ላይ ሰር ሄንሪን በጋሪ ሲከታተል የነበረውም ጺማም ነበር። ከሟቹ ኑዛዜ እሱና ሚስቱ ለየራሳቸው 500 ፓውንድ ደርሷቸዋል። ሌሊት ሴት ስታለቅስ ተሰማች። ጠዋት ሲጠየቅ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ፤ የሚስቱ ዓይን ግን በርበሬ መስሏል። አሁን ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሻማ ይዞ መስኮት ላይ ተገትሯል። ኧረ በዛ! ደራሲ እንዲህ ጣቱን ሲቀስርበት እኔ መጠርጠሬን እተዋለሁ።

ስቴፕልተን ቢራቢሮ ሲያባርር የሚውል ጨዋታ አዋቂ ጎረቤት ነው። ግን ከሆምስ ጓደኛ ከዋትሰን ጋር ገና ሳይተዋወቅ በስሙ ጠራው። ወዲያው ደግሞ ሆምስ ምን እንደሚያስብ ጠየቀ። ምን አገባው? ፈረስ የሚውጠውን ረግረግ ገብቶ መውጣት እንደሚችልም በገዛ አፉ ተናገረ። እህቱ ዋትሰንን ሰር ሄንሪ መስሏት ቶሎ ወደ ለንደን እንዲመለስ ለመነችው። ማንን ፈርታ ነው?

የጫማው ነገርም አለ። ከሆቴል የጠፋው የሰር ሄንሪ አዲስ ጫማ ተመለሰ፤ አሮጌው ግን ጠፍቶ ቀረ። የሰው ጠረን ያለው አሮጌው ላይ ነው። ስለዚህ ውሻው የእውነት ውሻ ነው ባይ ነኝ፤ የሚደብቀውም የረግረጉን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነው። ባሪሞር የሆነ ነገር ይደብቃል፤ ግድያ ግን አይመስለኝም። እንወራረድ ካላችሁ እኔ ስቴፕልተን ላይ ነኝ።