ነቅል ከፋላ (የአሠሪ ዝውውር) እናስጨርሳለን ከሚሉ የበጥሃ ደላሎች ተጠንቀቁ

እህቶቼ፣ በተለይ ሪያድ ያላችሁ፣ አንብባችሁ ለጓደኞቻችሁ አስተላልፉ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ቢሮውን ታውቁታላችሁ። በጥሃ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ፣ አንድ ሳዑዲ ከጠረጴዛ ኋላ፣ አጠገቡ አስተርጓሚ የኛ ልጅ። ሌላው ቲክቶክ ላይ «ከፊል (ስፖንሰር አሠሪ) መቀየር የምትፈልጉ በውስጥ አናግሩኝ» የሚለው ሐበሻ ደላላ ነው። ሻይ ይመጣል። «የኔ እህት፣ አታስቢ» ይባላል። ከዚያ ኢቃማሽን (የመኖሪያ ፈቃድሽን) ፎቶ ያነሳሉ፣ የአብሸርሽን (የመንግሥቱን አፕ) የይለፍ ቃልና ስልክሽ ላይ የመጣውን ኮድ ይቀበላሉ።

ደላላው እኔን ያሳመነኝ ሕግ ጠቅሶ ነው። «በፈረንጆቹ 2021 ሕጉ ተቀይሯል፣ ያለ ከፊል ፈቃድ መዛወር ይቻላል» አለኝ። መቀየሩስ ተቀይሯል። ግን ለኩባንያ ሠራተኛ ነው! የቤት ሠራተኛና የቤት ሹፌር እዚያ ውስጥ የለንም። ደመወዝ እንደ መከልከል ያለ ምክንያት ከሌለ፣ እኛን የሚለቀን ከፊሉ ራሱ ነው። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። 3 ሺህ ሪያል ቆጥሬ ሰጠሁት።

ሐሙስ ማታ በዋትስአፕ ድምፅ ላከልኝ። «ማዳምሽ ተናዙል (መልቀቂያ) ሰጥታለች፣ ዝውውሩ አልቋል፣ ነገ ጠዋት ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ፣ ሹፌር ይጠብቅሻል።» ወጣሁ። አዲሷ ማዳም ቤት ገብቼ ምሳ ሠራሁ፣ ልጆቿን አጠብኩ።

ቅዳሜ አዲሷ ማዳም ፊቷን አጥቁራ «ተነሺ፣ መክተብ እንሄዳለን» አለችኝ። ቢሮ ስንደርስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችላቸው። ዝውውር የሚባል ነገር የለም። ከፊሌ ያው የድሮዋ ናት። ጭራሽ አርብ ዕለት ሁሩብ (ጠፍታለች የሚል ክስ) አስገብታብኛለች። ለካ ተናዙል ብሎ የጠየቃት ሰው እንኳ አልነበረም፤ ለእሷ ጠፍቼባት ነው።

አሁን ይሄን ስሙ። ማዳሟ ጮኸች። ሳዑዲው መሳቢያውን ከፈተና ብሯን ቆጥሮ እጇ ላይ አስቀመጠ። ለካ ከእሷም ተቀብለው ነበር። ይቅርታም ጠየቃት፣ ውሃ አስመጣላት። እሷ ብሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ እኔን ዞር ብላ ሳታየኝ ወጣች።

«የኔስ?» አልኩ።

አስተርጓሚዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «ደረሰኝ አለሽ?» አለችኝ። በገዛ ቋንቋዬ! ደረሰኝ እንደማይሰጡ እሷ አታውቅም? «ውጪ ያለኝ እሱ ነው፣ ድምፁ አለኝ» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ዋትስአፑን ስከፍት «ይህ መልእክት ተሰርዟል» ይላል። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑን እንኳ አልሰበረም። «አንቺው ነሽ ከቤት የወጣሽው፣ እኛ ምን አገባን» አለ። ሳዑዲው በአረብኛ «ኻዳማ (የቤት ሠራተኛ) ናት፣ ትጮህና ትወጣለች» ብሎ ሳቀ። አረብኛ የማልሰማ መስሎታል። የኛዋም አብራው ሳቀች። ከሁሉም ያንገበገበኝ የእሷ ሳቅ ነው።

አሁን መንፉሃ ሰፈር የአክስቴ ልጅ ጋ ነኝ። ሁሩብ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ከተያዘ እስርና ወደ አገር መጠረዝ ነው፤ ታውቁታላችሁ። የድሮዋ ማዳም ሁሩቡን እንድታነሳልኝ በሰው እያስለመንኩ ነው። እስካሁን መልሷ «ኸላስ» (አበቃ) ብቻ ነው።

ለእናንተ፦ አዲሱ ከፊል በስማችሁ መመዝገቡን በራሳችሁ አብሸር ሳታዩ ከቤት እንዳትወጡ። ኮድ ለማንም አትስጡ። የዝውውር ክፍያም በሕግ የአሠሪው ነው፣ ከሠራተኛ መቀበል ክልክል ነው። በቃ ይሄው ነው።

አንተ ደግሞ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ። ሐሙስ ማታ ያን ድምፅህን በደስታ ለአክስቴ ልጅ ልኬላት ነበር። ከኔ ስልክ አጠፋኸው እንጂ ከእሷ አልጠፋም። 3 ሺህ ሪያሌን መልስ።